ውድ ኢን-ኢር ማዳመጫ፦ መርጦ ለመግዛት፣ ጆሮ ውስጥ በትክክል ለማስቀመጥና በየቀኑ ለመጠቀም ዝርዝር መመሪያ

ውድ ኢን-ኢር ማዳመጫ ከገዙ ሰዎች የሚሰማው ቅሬታ ሁሌም ያው ነው፦ «ቤዝ የለውም»፣ «ድምፁ ጆሮ ይወጋል»፣ «ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያመኛል»፣ «ከስልኬ ጋር ከመጣው በምን ተሻለ?»። ዕቃው ራሱ የተበላሸበት ጊዜ አለ፤ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማዳመጫው የጆሮን ቀዳዳ በደንብ አልደፈነም፣ ወይም ከማይስማማው መሣሪያ ጋር ተሰክቷል፣ ወይም ድምፁ ከልክ በላይ ተከፍቷል።

እዚህ የምናወራው ጎማቸው ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባ፣ ገመዳቸው በጆሮ ላይ ዞሮ ስለሚወርድና ለሙዚቃ ተብለው ስለሚሠሩ ባለ ገመድ ማዳመጫዎች ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። በተለይ ደረጃ 5ን ሳትጨርሱ ስለ ድምፁ ጥራት ምንም ፍርድ አትስጡ።

ደረጃ 1፦ ከመግዛታችሁ በፊት ጆሯችሁን እወቁ

1. ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውንም ጎማ ያለው ማዳመጫ ውሰዱ። ትንሹን፣ መካከለኛውንና ትልቁን ጎማ በየተራ ሞክሩ።
2. ለቀኝና ለግራ ጆሮ የተስማማውን ለየብቻ ጻፉ። የብዙ ሰው ሁለት ጆሮ እኩል አይደለም፤ በአንዱ ትንሽ፣ በሌላው መካከለኛ ጎማ ማድረግ ምንም ነውር የለውም።
3. ማዳመጫ ስታደርጉ የሚያማችሁ የት እንደሆነ ለዩ። ቀዳዳው አፍ ላይ ከሆነ ወፍራም አፍንጫ ያላቸው (ጎማው የሚሰካበት ቱቦ ማለቴ ነው) አይመቿችሁም። ከቀዳዳው ውጭ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ከሆነ ትልቅ አካል ያላቸውን እለፏቸው።

ብዙ ድራይቨር (ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል) የታጨቀባቸው ውድ ሞዴሎች አፍንጫቸው 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ጠባብ ቀዳዳ ላለው ሰው ይህ ቁጥር ከድምፁ በፊት መታየት ያለበት ነው። የማይገባ ማዳመጫ የቱንም ያህል ቢወደስ አይደመጥም።

ተጠንቀቁ፦ ጆሯችሁ ውስጥ ኩክ ከተጠራቀመ ማዳመጫው ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በጥጥ እንጨት ለማውጣት አትሞክሩ፤ እሱም የሚሠራው ያንኑ ነው። ጤና ባለሙያ ያስወግድላችሁ። ጆሮው ፈሳሽ የሚያወጣ፣ የቆሰለ ወይም ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ ሐኪም ሳይፈቅድ ምንም አታስገቡበት።

ደረጃ 2፦ የምታዳምጡበትን ቦታ ወስኑ

እነዚህ ማዳመጫዎች የውጭውን ድምፅ የሚቀንሱት ጆሮን በመድፈን ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ባትሪም ሆነ ጫጫታ የሚያጠፋ ኤሌክትሮኒክስ የላቸውም። የሰው ወሬና የኪቦርድ ድምፅ በደንብ ይቀንሳሉ። የሞተር ዝቅተኛ ጉምጉምታ ግን የተወሰነው ያልፋል፤ በተለይ አካሉ ላይ የአየር ቀዳዳ ባለው ሞዴል።

ስትራመዱ የእግራችሁ ኮቴ፣ ስታወሩ የገዛ ድምፃችሁ፣ ስታኝኩ የመንጋጋችሁ ድምፅ ጎልቶ ይሰማችኋል። ቀዳዳው ሲደፈን በአጥንት በኩል የሚመጣው ድምፅ መውጫ ስለሚያጣ ነው። ብልሽት አይደለም። ስለዚህ ለሩጫ፣ ቀኑን ሙሉ ለስልክ ንግግር ወይም ሰው ሲጠራችሁ መስማት ላለባችሁ ሥራ ሌላ ዓይነት ማዳመጫ ፈልጉ። መንገድ ስታቋርጡ፣ ብስክሌት ስትነዱ ወይም መሪ ስትይዙ አውልቁት። አንዱን ጆሮ ብቻ ማውለቅ በቂ አይደለም፤ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ የምንለየው በሁለቱም ነው።

ደረጃ 3፦ ምረጡ

*የድራይቨር ብዛት አያታላችሁ።* ዳይናሚክ ድራይቨር ከትንሽ ስፒከር ጋር አንድ ዓይነት አሠራር አለው፤ ቤዙ ብዙ ጊዜ አካል ያለው ሆኖ ይሰማል። ባላንስድ አርማቸር እጅግ ትንሽ ስለሆነ በአንድ አካል ውስጥ ብዙ ይደረደራል፤ እያንዳንዱም የተወሰነ የድምፅ ክልል ይይዛል። ፕላናር በስስ ሽፋን ላይ በተዘረጋ ማስተላለፊያ ይሠራል። ሁለትና ሦስት ዓይነት የሚያዳቅሉም አሉ። አንድ ድራይቨር ብቻ ኖሮት አሥር ካለው በልጦ የሚሰማ ማዳመጫ አለ፤ ውጤቱን የሚወስነው እንዴት እንደተስማሙ ነው።

*ግራፍ ስታነቡ።* የድምፅ ምላሽ ግራፍ (ማዳመጫው ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ የትኛውን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚያሳየው መስመር) ጠቃሚ ነው፤ ግን ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የምታወዳድሯቸው ግራፎች በአንድ ዓይነት መለኪያ የተሠሩ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ 3 ኪሎኸርዝ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ የሚታየው ኮረብታ ጉድለት አይደለም። ክፍት ጆሮ በዚያ አካባቢ ያለውን ድምፅ በተፈጥሮው ያጎላል፤ ጆሮ ሲደፈን ይህ ስለሚጠፋ ማዳመጫው ራሱ መተካት አለበት። ሦስተኛ፣ ከ8 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን መስመር እንደ ፍጹም እውነት አትውሰዱት፤ እዚያ ያሉት ጉብታዎች ማዳመጫው በመለኪያው ቱቦ ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ ይለዋወጣሉ፤ በእናንተ ጆሮ ውስጥም እንዲሁ። ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ዛሬ የምታዳምጡበትን ማዳመጫ ግራፍ ፈልጎ አዲሱን ከእሱ ጋር ማስተያየት ነው። «ከዚህኛው ቤዙ በ3 ዲሲቤል ይበልጣል» የሚለው መረጃ «ሞቅ ያለ ድምፅ አለው» ከሚለው መቶ እጥፍ ይጠቅማል።

*ሴንሲቲቪቲ ስታወዳድሩ አሃዱን ተመልከቱ።* ሴንሲቲቪቲ ማዳመጫው በተወሰነ ጉልበት ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ ይናገራል። አንዱ አምራች በ1 ሚሊዋት፣ ሌላው በ1 ቮልት ለክቶ ይጽፋል፤ ቁጥሮቹ በቀጥታ አይወዳደሩም። ለምሳሌ ኢምፔዳንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) 16 ኦም የሆነ ማዳመጫ በ1 ሚሊዋት 105 ዲሲቤል ከተባለ፣ በ1 ቮልት ወደ 123 ዲሲቤል ይደርሳል። ዕቃው ግን አንድ ነው።

*የገመዱን ማያያዣ እዩ።* ገመዱ የሚነቀል ይሁን። ገመድ ከሁሉም ቀድሞ የሚበላሽ ክፍል ነው፤ የማይነቀል ከሆነ ሲበጠስ ማዳመጫው አብሮ ይሄዳል። በብዛት ያሉት ባለ ሁለት ፒን 0.78 ሚሊሜትርና ኤምኤምሲኤክስ (ክብ፣ ተጭኖ የሚገባ ማያያዣ) ናቸው። ኤምኤምሲኤክስ ዙሪያውን ይሽከረከራል፤ ደጋግሞ ሲነቀል ይላላል። ባለ ሁለት ፒን አይሽከረከርም፤ ግን ፒኑ ይጣመማል። ለዕለታዊ አጠቃቀም እኔ ባለ ሁለት ፒኑን እመርጣለሁ፤ ቀስ ብሎ ለያዘው ሰው ረጅም ዕድሜ አለው።

*የመመለስ መብት።* ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ዕቃ አንመልስም የሚሉ ሻጮች ብዙ ናቸው። መመለስ ካልተቻለ ሞክራችሁ ካልሆነ አትግዙ። የራሳችሁን ጎማ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሞክሩ።

በጆሯችሁ ልክ የሚቀረጹ ማዳመጫዎችም አሉ። ባለሙያ የጆሯችሁን ቅርጽ በልዩ ማስቲካ ይወስዳል፤ አምራቹ በዚያ ልክ ይሠራል። በትክክል ከተሠሩ በምቾት የሚያህላቸው የለም፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው አይሆኑም፣ የምትወዱትን ድምፅ ሳታውቁም ማዘዝ ቁማር ነው። የመጀመሪያ ግዢያችሁ አይሁን።

ደረጃ 4፦ ሳጥኑን ስትከፍቱ

1. ቀኝና ግራን ለዩ። ቀይ ምልክት ቀኝ ነው።
2. በአፍንጫው ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት ሙሉ መሆኑን በብርሃን እዩ።
3. ገመዱን ስትሰኩ ጭንቅላቱን ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ። ፒኑ አልገባ ካለ አታስገድዱት፤ አውጥታችሁ አቅጣጫውን ተመልከቱ።
4. ጎማውን እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ አፍንጫው ላይ ያለውን ጠርዝ ማለፉን አረጋግጡ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። በቀላሉ ከወጣ ጆሮ ውስጥም ይቀራል። ሌላ ቀይሩ።

ማሸጊያውንና ደረሰኙን አትጣሉ።

ደረጃ 5፦ ጆሮ ውስጥ በትክክል አስቀምጡት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ትንሽ አየር የሚያሾልክ ክፍተት ካለ መጀመሪያ የሚጠፋው ዝቅተኛው ድምፅ ነው፤ ቤዙ ሲጠፋ ደግሞ የቀረው ሁሉ ሹል ሆኖ ይሰማል። ሰውየው «ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) በዛ» ይላል፤ የሆነው ግን ቤዙ መፍሰሱ ነው። ቀጥሎ ድምፁን ይጨምራል፣ ጆሮው ይደክማል፣ ማዳመጫውን ይሸጣል።

1. ሙዚቃውን አቁሙ። እጃችሁንና ጆሯችሁን አድርቁ።
2. በደረጃ 1 ከጻፋችሁት መጠን ጀምሩ።
3. ቀኙን ለማስገባት ግራ እጃችሁን በጭንቅላታችሁ ላይ አሻግራችሁ የቀኝ ጆሯችሁን የላይኛውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ። በዚህ ጊዜ ቀዳዳው ይቃናል።
4. አፋችሁን በመጠኑ ክፈቱ፤ አካሉን በትንሹ ወደ ፊት አዘንብላችሁ አስገቡ፤ ከገባ በኋላ ወደ ኋላ አዙራችሁ በጎድጓዳው ቦታ ላይ አሳርፉት።
5. ጆሮውን ልቀቁ። ቀዳዳው ጎማው ላይ ይጨብጣል።
6. ገመዱን በጆሮ ላይ አዙሩ፤ ከአገጭ በታች ያለውን ማጥበቂያ በመጠኑ ከፍ አድርጉ። ገመዱ ከልብስ ጋር ሲፋተግ የሚሰማው ኮሽታ ይቀንሳል።

ፎም ጎማ (እንደ ስፖንጅ የሚጨመቀው) ከሆነ በጣቶቻችሁ መካከል አድቡልቡላችሁ አቅጥኑት፣ ቶሎ አስገቡት፣ እስኪነፋ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ደግፋችሁ ያዙት። ሳይነፋ ከለቀቃችሁት ተንሸራትቶ ይወጣል።

*አሁን ፈትኑት።* 40 ኸርዝ የሆነ ነጠላ ድምፅ በማንኛውም የድምፅ ማመንጫ መተግበሪያ አጫውቱ፤ ድምፁን ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። በሁለቱም ጆሮ እኩል፣ ከጭንቅላት መሃል የሚመጣ ጉምጉምታ መሰማት አለበት። ቀጥሎ አንዱን ማዳመጫ በጣታችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ደገፍ አድርጉት። ጉምጉምታው ጎላ ካለ ያ ጆሮ አልተደፈነም። ምንም ካልተለወጠ ተደፍኗል። ሌላውንም እንዲሁ። በመጨረሻ ጭንቅላታችሁን ግራና ቀኝ አዙሩ፣ አፋችሁን ክፈቱና ዝጉ፤ ድምፁ ሳይቆራረጥ ከቀጠለ ጨርሳችኋል።

*ካልተደፈነ* በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ መጀመሪያ እንደገና አስገቡት፤ ቀጥሎ አንድ መጠን ከፍ አድርጉ፤ ቀጥሎ አንድ መጠን ዝቅ አድርጋችሁ ጠለቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ብዙ ሰው ትልቁ ይደፍናል ብሎ ያስባል፤ ጠባብ ቀዳዳ ላይ ትልቅ ጎማ ይታጠፍና እጥፋቱ ራሱ አየር ያሾልካል። ከዚያ የጎማውን ቅርጽ ቀይሩ፤ አጭርና ሰፊ፣ ረጅምና ጠባብ፣ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ቆብ አለ። ፎሙን መጨረሻ ላይ ሞክሩ፤ በደንብ ይደፍናል፤ ግን ትሬብሉን በመጠኑ ያደበዝዛል፣ ቶሎም ያረጃል።

ከሳጥኑ ጋር የመጡት ጎማዎች በሙሉ ካልሆኑ ሌላ ጎማ ግዙ። ለውድ ማዳመጫ ከሚደረግ ተጨማሪ ወጪ ሁሉ ይህን የሚስተካከል የለም፤ ውድ ገመድ ከመግዛት ጋርም አይወዳደርም። ገመድ መቀየር ለምቾት ነው፤ የሳሳ ቤዝ አይመልስም።

ስታስገቡ «ጨቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የዳይናሚክ ድራይቨሩ ሽፋን በአየር ግፊት ታጥፎ ነው። አቁሙ፣ ጆሯችሁን ሳብ አድርጋችሁ አየሩ እንዲወጣ እያደረጋችሁ በዝግታ አስገቡ። ስታወጡም በአንድ ጊዜ አትመንጭቁ፤ ትንሽ አዙራችሁ አየር አስገቡ፣ ከዚያ ሳቡ። ገመዱን ይዞ መሳብ ክልክል ነው።

ደረጃ 6፦ ከምን ጋር እንደምትሰኩት

አብዛኞቹ ኢን-ኢር ማዳመጫዎች ብዙ ጉልበት አይፈልጉም። የሚፈልጉት ጸጥ ያለና የውጤት ኢምፔዳንሱ (በማዳመጫ መሰኪያው በኩል ያለው የራሱ ተቃውሞ) ዝቅተኛ የሆነ መሣሪያ ነው። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ብዙ አርማቸር ያለው አንድ ማዳመጫ በአንዱ የድምፅ ክልል 8 ኦም፣ በሌላው 40 ኦም ይሁን። የመሣሪያው ውጤት 10 ኦም ከሆነ የ8 ኦሙ ክልል በ7 ዲሲቤል፣ የ40 ኦሙ በ2 ዲሲቤል ይቀንሳል። በሁለቱ መካከል አምራቹ ያላሰበው የ5 ዲሲቤል ልዩነት ተፈጠረ፤ ማዳመጫው ሌላ ማዳመጫ ሆነ ማለት ነው። የመሣሪያው ውጤት 1 ኦም ቢሆን ልዩነቱ 1 ዲሲቤል አይሞላም። ስለዚህ የመሣሪያው ውጤት ከማዳመጫው ኢምፔዳንስ አንድ ስምንተኛ አይብለጥ፤ 1 ኦም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከአብዛኞቹ ጋር ይሄዳል።

1. ስልካችሁ የጃክ ቀዳዳ ከሌለው ዩኤስቢ-ሲ ዶንግል (የጃክ ቀዳዳ ያለው ትንሽ አስማሚ) በቂ ነው። በትልቅ ማጉያ አትጀምሩ።
2. መሣሪያው የጌይን (የማጉላት ኃይል) ምርጫ ካለው ዝቅተኛውን አድርጉ።
3. ሙዚቃ ሳይኖር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከተሰማ መሣሪያው ለማዳመጫው በዝቷል። ጌይኑን ዝቅ አድርጉ፤ ካልጠፋ መሣሪያውን ቀይሩ። በመሃል የሚገባ ሬዚስተር ያለበት አስማሚ ሽሽታውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ባለ ብዙ አርማቸር ማዳመጫ ላይ ከላይ ያየነውን የድምፅ መዛባት መልሶ ያመጣል።
4. የአፕል ዶንግል ከአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ጋር ድምፁ እጅግ አነስተኛ ይሆናል። ዶንግሉ አልተበላሸም፤ በስልኩና በእሱ መካከል ያለው የድምፅ መቆጣጠሪያ ስላልተግባባ ነው። ዶንግሉን በቀጥታ የሚቆጣጠር የማጫወቻ መተግበሪያ ተጠቀሙ።

ተጠንቀቁ፦ 4.4 ሚሊሜትር ባላንስድ ጃክ (ለቀኝና ለግራ የየራሱ አሉታዊ መስመር ያለው) ያለውን ገመድ በአስማሚ ወደ 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ መሰካት ይቻላል። በተቃራኒው 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ያለውን ገመድ በአስማሚ ወደ 4.4 ባላንስድ ቀዳዳ አትሰኩ፤ የቀኝና የግራው አሉታዊ መስመር ይገናኝና ማጉያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ስለ ፋይል ጥራት ብዙ አትጨነቁ። 256 ኪሎቢት ያለው ኤኤሲ (የተጨመቀ የሙዚቃ ፋይል) ለአብዛኛው ሰው ከሎስለስ (ምንም ሳይጠፋበት ከተቀመጠ ፋይል) አይለይም። ሎስለስ ካላችሁ ተጠቀሙ፤ ከሌላችሁ ግን ቤዝ የጠፋው በእሱ ምክንያት አይደለም።

ደረጃ 7፦ የድምፅ መጠን

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ገደብ 80 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ለሕፃናት 75 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት። በየ3 ዲሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዲሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 10 ሰዓት፣ በ90 አካባቢ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። በጉዞ ላይ በቀን አንድ ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው በ90 ዲሲቤል ሳምንቱን ሳይጨርስ ገደቡን ያልፋል።

ስልካችሁ የሚያሳየው የዲሲቤል ቁጥር በእነዚህ ማዳመጫዎች ላይ አይታመንም፤ ስልኩ በገመድ የተሰካው ዕቃ ምን ያህል ሴንሲቲቭ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ በየቀኑ እንዲህ አድርጉ፦

1. ከመሰካታችሁ በፊት ድምፁን ዜሮ አድርጉ። ዶንግል ሲነቀልና ሲሰካ የድምፁ መጠን ሊዘል ይችላል።
2. ጸጥ ባለ ቦታ ከዜሮ ጀምራችሁ ግጥሙ በግልጽ እስኪሰማ ብቻ ጨምሩ። እዚያ አቁሙና ቦታውን አስታውሱ።
3. ጫጫታ ውስጥ ስትገቡ ከዚያ ብዙ መጨመር ካስፈለገ ጎማው አልደፈነም ማለት ነው። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።
4. በመተግበሪያው ውስጥ የዘፈኖችን ድምፅ የሚያስተካክለውን ምርጫ ክፈቱ፤ አንዱ ዘፈን ዝቅ ብሎ ቀጣዩ እንዳያስደነግጣችሁ።
5. በየሰዓቱ አውልቃችሁ ጆሮ አየር ያግኝ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ኢኳላይዘር

ማዳመጫውን ለመቶ ሰዓት ብቻውን ማጫወት አያስፈልግም። የሚለመደው በአብዛኛው የእናንተው ጆሮ ነው። በደንብ የምታውቋቸውን ዘፈኖች ይዛችሁ ጥቂት ቀን አዳምጡ፤ ከዚያ በፊት ኢኳላይዘር (የድምፅ ክልሎችን ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማስተካከያ) አትንኩ።

ከሌላ ማዳመጫ ጋር ስታወዳድሩ የድምፃቸውን መጠን እኩል አድርጉ። በ1 ዲሲቤል ከፍ ያለው ሁሌ የተሻለ መስሎ ይሰማል፤ ብዙ የተሳሳተ ፍርድ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቤዝ ለመጨመር ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ሼልፍ (ያንን ክልል በአንድነት የሚያነሳውን ማስተካከያ) በ2 ወይም በ3 ዲሲቤል ከፍ አድርጉ፤ ፕሪአምፑን (የኢኳላይዘሩን አጠቃላይ የድምፅ መጠን) በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉ። ይህን ከዘለላችሁ ድምፁ ይሰነጠቃል።

«ስ» እና «ሽ» የሚሉት ፊደላት የሚወጉ ከሆነ ቦታውን በጆሯችሁ ፈልጉ፦ በዝቅተኛ ድምፅ ከ5 እስከ 10 ኪሎኸርዝ በዝግታ የሚወጣ ነጠላ ድምፅ አጫውቱ፤ በድንገት ሹል የሚሆንበትን ቁጥር ያዙ። መጀመሪያ ማዳመጫውን ትንሽ ጠለቅ አድርጉ። በጎማውና በታምቡሩ መካከል ያለው ርቀት ሲያጥር ያ ሹል ቦታ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ በዚያ ቁጥር ላይ 3 ዲሲቤል ቀንሱ። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሌላ ሰው ማስተካከያ በዚህ ክልል ለእናንተ ጆሮ ላይሠራ ይችላል።

ደረጃ 9፦ ዕለታዊ አያያዝ

- ሲጨርሱ ጎማውንና አፍንጫውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ።
- በየሳምንቱ የሲሊኮን ጎማውን አውልቃችሁ በለብ ያለ ውሃና ሳሙና እጠቡ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትመልሱ። ፎም አይታጠብም፤ ሲጠነክር ወይም ሲቀደድ ይጣላል።
- ወንፊቱን ስታጸዱ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍታችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፤ ኩኩ ወደ ታች ይርገፍ። መርፌ አታስገቡ፣ አልኮል አታፍስሱ፣ በአፍ አትንፉ። እስትንፋስ እርጥበት ይዞ ይገባል።
- ገመዱን ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልላችሁ በጠንካራ ሳጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር አስቀምጡ። በስልኩ ላይ አትጠቅልሉት።
- ገመዱን ያለ ምክንያት አትንቀሉ።

ችግር ሲፈጠር

*አንዱ ጆሮ ዝቅ አለ።* መጀመሪያ ጎማዎቹን አውልቃችሁ ወንፊቶቹን በብርሃን አወዳድሩ፤ አብዛኛው ጉዳይ እዚህ ያልቃል። ንጹሕ ከሆኑ የቀኙን ገመድ ከግራው አካል፣ የግራውን ከቀኙ ጋር ሰኩና አዳምጡ። ዝቅ ያለው ጎን ከተለወጠ ችግሩ ገመዱ ወይም መሣሪያው ነው፤ ሌላ መሣሪያ ላይ በመሰካት ይለያል። በዚያው ጆሮ ከቀረ አካሉ ነው ወይም ጆሯችሁ ነው። ሌላ ማዳመጫ አድርጋችሁ ያው ጆሮ ዝቅ ካለ ችግሩ ጆሯችሁ ነው፤ ኩክ ሊሆን ይችላል።

*ቤዙ ሳሳ፣ ዘፋኙ መሃል ላይ የለም፣ ድምፁ ከጭንቅላት ጀርባ የሚመጣ ይመስላል።* ባለ ሁለት ፒን ገመድ በአንዱ ጎን ተገልብጦ ተሰክቷል። አንዱን ጎን ብቻ ነቅላችሁ አዙራችሁ ሰኩ።

*ሲነካ ይቆራረጣል።* ማያያዣውን አጥብቃችሁ ግፉ። ከቀጠለ ሌላ ገመድ ሞክሩ። የተጣመመ ፒን በጥርስ ወይም በመቆንጠጫ አታቅኑ፤ ይሰበርና ስብርባሪው አካሉ ውስጥ ይቀራል።

*ከላብ ወይም ከዝናብ በኋላ ድምፁ ታፈነ።* ጎማውን አውልቁ፣ ከሲሊካ ጄል ጋር ዘግታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። የፀጉር ማድረቂያ አትጠቀሙ፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላላል።

*ጎማው ጆሮ ውስጥ ቀረ።* ጫፉ ከውጭ በግልጽ የሚታይና በጣት የሚያዝ ካልሆነ አትንኩት። ወረንጦ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሐኪም በደቂቃ ያወጣዋል።

*ጆሮ ያቃጭላል።* ማዳመጥ አቁሙ፣ ጸጥ ባለ ቦታ እረፉ። በማግስቱም ካልተወ ተመርመሩ። የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት ከቀነሰ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ነው የመዳን ዕድሉ ከፍ የሚለው።

*ሁሉንም ሞክራችሁ አልሆነም።* አካሉን አትክፈቱ፤ ዋስትናው ይቀራል። የሞከራችሁትን ጻፉ፦ ገመዱን ስትቀያይሩ ምን ሆነ፣ በየትኛው መሣሪያ ላይ፣ በየትኛው ጎን፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ። ከተቻለ ወንፊቱን በቅርብ ፎቶ አንሱ፤ በኩክ አለመዘጋቱን ያሳያል። ከደረሰኙ ጋር ለሻጩ ወይም ለአምራቹ ላኩ።